ጀርመንና እንግሊዝ፦ በሁለቱ አገሮች መኪና ስለ መንዳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀርመን ኖሮ ለንደን ያሉ ዘመዶቹን በመኪና የሚጠይቅ፣ ወይም ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ጠቅልሎ የሚዛወር ሐበሻ ብዙ ነው። ሁሉም አስቀድሞ የሚጨነቀው በግራና በቀኝ መንዳት ነው። እሱ ግን ቶሎ ይለመዳል። ቅጣትና አደጋ ይዞ የሚመጣው ምልክት ያልቆመለት ሕግ ነው። የአገሩ ሰው ስለሚያውቀው በየመንገዱ አይጻፍም፤ እንግዳው ደግሞ ምልክት ስላላየ ሕግ የለም ብሎ ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይበልጥ የሚያተኩሩት እዚያ ላይ ነው። «እንግሊዝ» ስንል ስኮትላንድንና ዌልስንም ይጨምራል፤ የሚለዩበት ቦታ ለብቻው ተጠቅሷል። ሰሜን አየርላንድ በብዙ ነገር የራሷ ደንብ ስላላት እዚህ አልገባችም።

ከቀኝ ወደ ግራ መቀየር ምን ያህል ያስቸግራል?

ኢትዮጵያም ጀርመንም የሚነዳው በቀኝ ነው፤ እንግሊዝ በግራ። መኪና በበዛበት መንገድ ላይ ከፊት ያለውን መከተል ስለሚበቃ የሚሳሳት ሰው ጥቂት ነው። ስህተቱ የሚመጣው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው፦ ማለዳ ካደሩበት ሲነሱ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጡ፣ ባለ አንድ አቅጣጫው መንገድ አልቆ ባለ ሁለት አቅጣጫው ውስጥ ሲገቡ። በእነዚህ ቦታዎች መሪውን ከማዞርዎ በፊት «በግራ!» ብለው ድምፅ አውጥተው ይናገሩ። አብሮዎት የተቀመጠ ሰው ካለም እንዲያስታውስዎ ይንገሩት።

እንግሊዝ ውስጥ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ከተከራዩ ነገሩ ይቀላል፤ ሹፌሩ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ወደ መንገዱ መሃል በኩል ነውና። የራስዎን የጀርመን መኪና ይዘው ከገቡ ግን የሚቀመጡት በጠርዙ በኩል ነው። የዚህ ትልቁ ጣጣ መቅደም ላይ ነው፤ ከፊት ያለው ከባድ መኪና ከወዲያ የሚመጣውን ይጋርድብዎታል። ጠጋ ብለው ለማየት አይሞክሩ፤ ይልቅ ወደ ኋላ ቀረት ሲሉ ነው መንገዱ የሚታየው። ባለ ሁለት አቅጣጫ ጠባብ መንገድ ላይ ከነጭራሹ አለመቅደም ይሻላል። በሞተርዌይ (በእንግሊዝ ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ ደግሞ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ በቀኝ በኩል ስለሚሰፋ፣ ረድፍ ከመቀየርዎ በፊት አንገትዎን አዙረው ይዩ።

የፊት መብራቱም አይረሳ። የጀርመን መኪና አጭር መብራት የቀኙን ጠርዝ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ነው የተሠራው። እንግሊዝ ሲገባ ያ ብርሃን ከወዲያ በሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ያርፋል። መብራቱ ላይ የሚለጠፍ ማስተካከያ አለ፤ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ የሚቀየር ነው። የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከጉዞ በፊት ይመልከቱ። ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን ለሚሄድ መኪናም ያው ነው።

የፍጥነት ወሰኑ እንዴት ይለያያል?

ጀርመን ከተማ ውስጥ 50፣ ከከተማ ውጭ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አውቶባን (በጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ ምልክት ከሌለ ለቀላል መኪና ወሰን የለውም፤ የሚመከረው ግን 130 ነው። ምክሩ ዋዛ አይደለም። ከ130 በላይ ሲነዱ አደጋ ቢደርስ ጥፋቱ የሌላው ሰው ቢሆን እንኳ ፍርድ ቤት የኪሳራውን ከፊል እርስዎ ላይ ሊጥል ይችላል።

እንግሊዝ የሚቆጥረው በማይል ነው። ከተማ ውስጥ 30 ማይል (48 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ከከተማ ውጭ መሃሉ ባልተከፈለ መንገድ 60 (96 ገደማ)፣ መሃሉ በተከፈለ መንገድና በሞተርዌይ 70 (112 ገደማ)። ዌልስ ከመስከረም 2023 ጀምሮ የከተማውን ወደ 20 ማይል (32 ገደማ) አውርዳለች።

አሁን ያልተጻፈውን እንይ። ጀርመን ውስጥ 50 የሚጀምረው የከተማው ስም የተጻፈበትን ቢጫ ሰሌዳ ሲያልፉ ነው፤ ሌላ ቁጥር አይጠብቁ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የመንገድ መብራት ምሰሶ ተደርድሮ ካዩ፣ ሌላ ቁጥር እስካልተተከለ ድረስ ወሰኑ 30 ማይል ነው፤ ዌልስ ውስጥ 20። ሕጉ ምሰሶውን ራሱን እንደ ምልክት ስለሚቆጥረው «30» የሚል ሰሌዳ በየመንገዱ አይደጋገምም።

ሌላው አደገኛ ነገር አንድ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች ናቸው። ነጭ ክብ ሆኖ በሰያፍ ጥቁር መስመር የተሰረዘው ሰሌዳ ጀርመን አውቶባን ላይ «እገዳው ሁሉ አበቃ» ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግን ትርጉሙ «የአገሪቱ አጠቃላይ ወሰን» ነው፤ ማለትም 60 ወይም 70 ማይል። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይህን አይቶ ነዳጅ ከረገጠ ካሜራው ይጠብቀዋል።

«ሬሽትስ ፎር ሊንክስ» ምንድን ነው? እንግሊዝስ አለ?

ከሁለቱ አገሮች ልዩነት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብለን እናምናለን። ጀርመን ውስጥ ምልክትም መብራትም በሌለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው። የመንገዱ ስፋት አይቆጠርም። ሰፊ መንገድ ላይ እየሄዱ በቀኝ በኩል ካለች ቀጭን መንገድ ብስክሌት ብቅ ቢል የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ሕጉ በብዛት የሚያጋጥመው መኖሪያ ሰፈር፣ 30 ዞን ውስጥ ነው። እዚያ ሲገቡ ወደ ቀኝ ያለ መገንጠያ ሁሉ ቅድሚያ አለው ብለው ያስቡ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ወደ ቀኝ ይዩ።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታ አለ። ከግቢ፣ ከነዳጅ ማደያ፣ ወይም ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ ከተሠራ መውጫ የሚመጣ መኪና ከቀኝ ቢመጣም ቅድሚያ የለውም። ልጆች ሲጫወቱ በሚያሳየው ሰማያዊ ሰሌዳ ከተከለለ ሰፈር የሚወጣም እንዲሁ። ቢጫ አልማዝ ያለበት ሰሌዳ ካዩ ደግሞ እርስዎ ባለ ቅድሚያ መንገድ ላይ ነዎት፤ ያው አልማዝ ተሰርዞ እስኪታይ ድረስ ይሠራል።

እንግሊዝ ይህ ሕግ የለም። ቅድሚያ የሚለየው አስፋልቱ ላይ በተቀባው የተቆራረጠ ነጭ መስመርና በተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ነው፤ መስመሩ ፊቱ ያለበት ሰው ይጠብቃል። ምንም ምልክት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ማንም ቅድሚያ የለውም፤ ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚያልፈው። ከጀርመን የመጣ ሹፌር በዋናው መንገድ እየሄደ ከጎን መኪና ስላየ ብቻ በድንገት ፍሬን ከያዘ የኋላው ይገጨዋል። ከእንግሊዝ ወደ ጀርመን የሄደው ደግሞ ቀጥ ብሎ ያልፍና ከቀኝ በሚመጣው ጎኑን ይመታል።

አደባባይ ላይስ?

ጀርመን የሚዞረው ወደ ቀኝ ታጥፈው ገብተው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው፤ እንግሊዝ ወደ ግራ ገብተው እንደ ሰዓት ቆጣሪ። በጀርመን አደባባይ መግቢያ ላይ ሰማያዊ ክብ ከተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ጋር ካለ ውስጥ ያለው ቅድሚያ አለው። ሲገቡ ፍሬቻ ማሳየት ክልክል ነው፣ ሲወጡ ግን ግዴታ። ምልክቶቹ ከሌሉ እዚያም ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል።

እንግሊዝ ውስጥ ከቀኝ ለሚመጣው፣ ማለትም አደባባዩ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። ፍሬቻው ግን እንደ መውጫው ይለያያል። በመጀመሪያው መውጫ የሚወጣ ከመግባቱ በፊት ግራ ያሳያል። ቀጥታ የሚሄድ ሲገባ ምንም አያሳይም፣ ከእሱ በፊት ያለውን መውጫ ሲያልፍ ግራ ያሳያል። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቀኝ እያሳየ ገብቶ፣ በመጨረሻ ወደ ግራ ይቀይራል። አስፋልት ላይ የተቀባ ነጭ ክብ ብቻ ሆኖ መሃሉ ምንም ያልተገነባበትም አለ፤ እሱም አደባባይ ነው፣ ዙሪያውን መዞር እንጂ በላዩ አቋርጦ መሄድ አይቻልም።

አውቶባንና ሞተርዌይ ላይ ረድፍ እንዴት ይያዛል?

መርሁ በሁለቱም አንድ ነው፦ ጀርመን ወደ ቀኝ፣ እንግሊዝ ወደ ግራ ተጠግቶ መሄድ፤ ሌላው ረድፍ ለመቅደም ብቻ ነው። ጀርመን ውስጥ በቀኝ በኩል መቅደም 100 ዩሮና 1 ነጥብ (በሹፌሩ መዝገብ ላይ የሚጠራቀም የጥፋት ነጥብ) ያስቀጣል። እንግሊዝ ውስጥ መሃለኛውን ረድፍ ያለምክንያት ይዞ መቆየት 100 ፓውንድና 3 ነጥብ ሊያስከትል ይችላል። በተለይ አውቶባን ላይ ወደ ግራ ረድፍ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይዩ፤ ሩቅ የመሰለው መኪና በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየመጣ ሊሆን ይችላል። የተቆጣ ሹፌር መብራት ቢያበራብዎ መልስ አይስጡ። ጀርመን ውስጥ በጣት ምልክት መሳደብ በወንጀል ያስከስሳል።

ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የጀርመን ሕግ አለ፦ ሬቱንግስጋሰ፣ የአምቡላንስ መተላለፊያ። አውቶባን ላይ፣ ወይም በአንድ አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ረድፍ ባለው የከተማ ውጭ መንገድ ላይ ትራፊኩ እግር በእግር ሲሄድ ወይም ሲቆም፣ ሳይረን ሳይሰማ ገና ከመጀመሪያው መንገድ መክፈት ግዴታ ነው። የግራ ጫፍ ረድፍ ያለው ወደ ግራ ይጠጋል፤ የቀሩት ሁሉ ወደ ቀኝ። ቀኝ እጅዎን መዳፉን ወደ ታች አድርገው ይዩት፤ አውራ ጣቱ የግራው ረድፍ ነው፣ አራቱ ጣቶች የቀሩት ረድፎች፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ክፍተት የአምቡላንሱ መንገድ ነው። ያልከፈተ ሰው 200 ዩሮ፣ 2 ነጥብና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ ይጠብቀዋል። አምቡላንስ ሲመጣ ለመክፈት መሞከር አይሠራም፤ መኪኖቹ ተጠጋግተው ከቆሙ በኋላ መሪ የሚዞርበት ቦታ አይኖርምና።

እንግሊዝ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በዚያ ፋንታ ከሞተርዌዩ በላይ ባለው ማሳያ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ከበራ ያ ረድፍ ዝግ ነው። ባዶ ቢመስልም ከገቡበት 100 ፓውንድና 3 ነጥብ ነው፤ ካሜራም ይቀርጸዋል።

በእንግሊዝ የዘመዴን መኪና ተውሼ መንዳት እችላለሁ?

ስሙ ኢንሹራንሱ ላይ ያልተመዘገበ ሰው አይችልም። ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል፤ በእኛ ዘንድ መኪና መዋዋስ የተለመደ ነውና።

ጀርመን ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚከተለው መኪናውን ነው። ውሉ ላይ ያልተጻፈ ሰው ነድቶ ቢገጭ ተጎጂው ይከፈለዋል፤ ባለቤቱ ግን ኩባንያው ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ኢንሹራንሱ የሚከተለው በውሉ ላይ የተጻፈውን ሹፌር ነው። ያልተጻፈ ሰው ሲነዳ መኪናው ኢንሹራንስ እንደሌለው ይቆጠራል፤ ቅጣቱ 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው፣ ፖሊስ መኪናውን ሊወስደውም ይችላል። «የኔ ኢንሹራንስ ሙሉ ነው፣ ማንንም ይሸፍናል» የሚል ዘመድ በቅንነት ነው የሚናገረው፤ ብዙ ጊዜ ግን ልክ አይደለም። ወረቀቱን ከፍተው የሹፌሮቹን ስም ይዩ። ለሰዓታት ወይም ለቀናት ብቻ የሚገዛ ጊዜያዊ ኢንሹራንስ አለ፤ በኢንተርኔት ወዲያው ይገዛል። የመንዳት ታሪክንና የመንጃ ፈቃዱን አገር ስለሚጠይቅ ለአንዳንዱ ሰው ላይፈቀድ ስለሚችል፣ ቁልፉን ከመቀበልዎ በፊት ይጨርሱት።

በራስዎ መኪና ለሚሻገሩ ነገሩ ቀላል ነው። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ የእንግሊዝ መኪና ወደ ጀርመን ሲሄድ አረንጓዴው ካርድ (ዓለም አቀፍ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ) አያስፈልገውም። «ጂቢ» የሚለው የአገር መለያ ተለጣፊ ግን ከመስከረም 2021 ወዲህ ቀርቶ «ዩኬ» በሚለው ተተክቷል።

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ስንት ጊዜ መንዳት ይቻላል?

ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ጀርመን 6 ወር፣ እንግሊዝ 12 ወር። ጀርመን ውስጥ የታወቀ አካል የሠራው የጀርመንኛ ትርጉም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አገሮች የኢትዮጵያን መንጃ ፈቃድ ያለ ፈተና አይቀይሩም፤ ጽሑፉንም መንዳቱንም መፈተን ግድ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ መንዳት ያለ መንጃ ፈቃድ እንደ መንዳት ነው። ጀርመን ውስጥ ይህ ወንጀል ስለሆነ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ላይም ጥላ ሊጥል ይችላል።

ጀርመን ውስጥ ለጀማሪ ግዴታ የሆኑት 12 ልዩ የመንዳት ትምህርቶች (5 ከከተማ ውጭ፣ 4 አውቶባን፣ 3 ሌሊት) የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ላለው ግዴታ አይደሉም። የሚያስፈልጉት የዓይን ምርመራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ፣ ፎቶና ትርጉም ናቸው። ፈተናው ግን በመንጃ ትምህርት ቤት በኩል ነው የሚሆነው። የጽሑፉ ፈተና 30 ጥያቄ አለው፤ ከ10 የስህተት ነጥብ በላይ ካገኙ ይወድቃሉ፣ ባለ 5 ነጥብ ጥያቄ ሁለቱን ከሳቱም እንዲሁ። ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ይሰጣል፤ አረብኛና እንግሊዝኛ አሉበት፣ አማርኛ የለም። የመንዳቱ ፈተና 55 ደቂቃ ነው። ለብዙ ዓመት የነዳ ሰው የሚወድቀው መንዳት ስላልቻለ አይደለም፤ ረድፍ ሲቀይር አንገቱን ዞር አድርጎ ትከሻው ኋላ ስለማያይና ከቀኝ የሚመጣውን ስለሚረሳ ነው። ፈተናው ሲቃረብ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ከአስተማሪ ጋር ደጋግሞ መለማመድ ገንዘብ ያድናል።

እንግሊዝ መጀመሪያ የለማጅ ፈቃድ ያወጣሉ። የጽሑፉ ፈተና 50 ጥያቄ፣ 57 ደቂቃ ነው፤ 43 ማግኘት አለብዎት። ከዚያ በ14 አጫጭር ቪዲዮዎች አደጋን ቀድሞ የማየት ፈተና አለ፤ ከ75 ነጥብ 44 ያስፈልጋል። አደጋው ሲጀምር መጫን ነው፤ በግምት ደጋግሞ የሚጫን ሰው ለዚያ ቪዲዮ ዜሮ ይሰጠዋል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ዌልሽ ብቻ ነው፤ ከ2014 ወዲህ አስተርጓሚ አይፈቀድም። የጽሑፉ ውጤት ለሁለት ዓመት ይቆያል፤ ጀርመን ለ12 ወር ነው።

በልምምድም ይለያያሉ። እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜው ከ21 በላይ የሆነ፣ ሦስት ዓመት መንጃ ፈቃድ የያዘ ዘመድ አጠገብዎ ተቀምጦ ሊያለማምድዎ ይችላል፤ መኪናው «ኤል» የሚል ሰሌዳ ይለጠፍበታል፣ ኢንሹራንሱም እርስዎን መሸፈን አለበት። ጀርመን በሕዝብ መንገድ ላይ ከአስተማሪ ውጭ ማንም ሊያለማምድ አይችልም።

የጀርመኑን በእንግሊዝ፣ የእንግሊዙን በጀርመን መቀየር ይቻላል?

ይቻላል፣ ያለ ፈተና። ወደ ጀርመን የተዛወረ ሰው በእንግሊዙ 6 ወር ይነዳል፣ ከዚያ በፊት መቀየሩን ይጀምር። ወደ እንግሊዝ የተዛወረ የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው እስከ 70 ዓመቱ፣ ወይም ነዋሪ ከሆነ በኋላ ለ3 ዓመት መንዳት ይችላል፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ይወሰዳል። የእንግሊዝ የለማጅ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ አይሠራም።

ስንት ቢራ ይፈቀዳል?

መጠጡ በብርጭቆ አይለካም፤ ሰውነቱም፣ የበላውም፣ ሰዓቱም ይለውጠዋል። ሕጉ ግን ይህ ነው። ጀርመን 0.5 ፕሮሚል (ፕሮሚል በደም ውስጥ ያለው አልኮል ከሺህ ስንት እንደሆነ ነው) ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ዩሮ፣ 2 ነጥብና አንድ ወር እገዳ አለው። ከ0.3 ጀምሮ አነዳድዎ ከተዛባ ወይም አደጋ ካደረሱ ወንጀል ይሆናል፣ 1.1 ከደረሰ ደግሞ በደህና ቢነዱም ወንጀል ነው። ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ዜሮ ነው። እንግሊዝና ዌልስ 0.8፣ ስኮትላንድ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ 0.5።

የእንግሊዝ ወሰን ከፍ ስላለ የሚዘናጋ ሰው ቅጣቱን ይወቅ፦ ያለፈ ሰው ቢያንስ ለ12 ወር ከመንዳት ይታገዳል፣ እስከ 6 ወር እስራትም አለ። ሠርግ ወይም ክርስትና ላይ አምሽቶ በማግስቱ ጠዋት የሚነዳ ሰው ደሙ ውስጥ ገና አልኮል ሊኖር ይችላል። እንቅልፍም ቡናም አያወጡትም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚያወጣው።

ስልክና የካሜራ ማስጠንቀቂያ አፕ?

ስልክ በእጅ መያዝ በሁለቱም ክልክል ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ሳለም። ጀርመን 100 ዩሮና 1 ነጥብ። እንግሊዝ 200 ፓውንድና 6 ነጥብ። እንግሊዝ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ላይ ፈቃዱን ስለሚያጣ፣ አንድ የስልክ ጥሪ ከመጀመሪያው ወደ ፈተና ይመልሰዋል።

የፍጥነት ካሜራ ያለበትን የሚናገር አፕ እንግሊዝ ይፈቀዳል። ጀርመን ግን ሹፌሩ እየነዳ ከተጠቀመበት 75 ዩሮና 1 ነጥብ ነው።

መኪና ውስጥ ምን መያዝ አለብኝ?

ጀርመን ውስጥ ሦስት ዕቃ ግዴታ ነው፦ ትራያንግል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ አንድ አንጸባራቂ ሰደርያ። መንጃ ፈቃድና ሊብሬም ዋናው ይያዛል። እንግሊዝ ዕቃዎቹ ግዴታ አይደሉም፤ ፖሊስ ወረቀት ቢጠይቅና ካልያዙ በ7 ቀን ውስጥ ጣቢያ እንዲያቀርቡ ሊያዝዝ ይችላል። ትራያንግልን ጀርመን አውቶባን ላይ ቢያንስ 150 ሜትር ኋላ ያቆማሉ፤ እንግሊዝ ሞተርዌይ ላይ ግን ፈጽሞ አያቁሙ፣ ከመኪናው ወጥተው ከብረት አጥሩ ወዲያ ይሁኑ።

ጀርመን ውስጥ የክረምት ጎማ በቀን የተወሰነ አይደለም፤ በረዶ ወይም ግግር መንገዱ ላይ ካለ ግዴታ ነው። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚቆጠረው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምስል ያለበት ጎማ ብቻ ነው። ቅጣቱ 60 ዩሮና 1 ነጥብ ነው። እንግሊዝ ግዴታ የለም፤ ስለዚህ በታኅሣሥ ከለንደን ወደ ሙኒክ የሚነሳ መኪና ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ጎማ ይዞ ነው የሚሄደው። የጎማ ጥርስ በሁለቱም ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ልጅ በልዩ መቀመጫ የሚቀመጠው እስከ 12 ዓመት ወይም ጀርመን 150፣ እንግሊዝ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ ነው።

ማቆሚያ ላይ በምን ይያዛል ሰው?

ጀርመን ውስጥ ፓርክሻይበ የሚባለውን ሰማያዊ የሰዓት ካርቶን ባለማስቀመጥ። ብዙ ሱፐርማርኬትና ሰፈር ነጻ ማቆሚያ አለው፤ ግን ካርቶኑ መስታወቱ ስር መታየት አለበት። የሚሞላው የደረሱበት ደቂቃ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣው ግማሽ ሰዓት ነው፦ 10፡05 ከደረሱ 10፡30፣ 10፡35 ከደረሱ 11፡00 ላይ ያዞሩታል። ከመንገዱ አቅጣጫ ተቃራኒ ፊት አዙሮ ማቆም ክልክል ነው፤ እንግሊዝ በቀን ይቻላል። ከመስቀለኛ ጠርዝ ጀርመን 5 ሜትር፣ እንግሊዝ 10 ሜትር ይራቁ።

እንግሊዝ ውስጥ የሚነበበው ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም ነው። ሁለት ቢጫ መስመር፦ ማቆም የለም። አንድ ቢጫ፦ አጠገቡ ያለውን ሰሌዳ ሰዓት ይዩ። ቀይ መስመር፦ ሰው ለማውረድም አይቆምም።

ከተማ ለመግባት ክፍያ ወይም ተለጣፊ አለ?

ለንደን ሁሉንም ክፍለ ከተማ የሚሸፍን የጭስ ዞን አላት። መስፈርቱን የማያሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል፣ ከታኅሣሥ 25 በስተቀር በየቀኑ፣ ቀንም ሌሊትም። በጥቅሉ ናፍጣ ዩሮ 6፣ ቤንዚን ዩሮ 4 መሆን አለበት (እዚህ «ዩሮ» የመኪናው የጭስ ደረጃ እንጂ ገንዘብ አይደለም)። መኪናዎ ንጹህ ቢሆንም የውጭ ታርጋ ከሆነ አስቀድመው ይመዝግቡት፤ ካሜራው የጀርመን ታርጋ ዝርዝር ስለማያገኝ እንዳላሟላ ሊቆጥረው ይችላል። በምሥራቅ በኩል ቴምዝን የሚያሻግረው ዳርትፎርድም የሚከፈልበት ነው፤ የገንዘብ መቀበያ የለውም፣ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኢንተርኔት ይከፈላል።

በርሊን፣ ኮሎኝና ሙኒክ ውስጥ የመኪናውን የጭስ ደረጃ የሚያሳይ አረንጓዴ ተለጣፊ ያስፈልጋል። አንዴ ይገዛል፣ የታርጋው ቁጥር ይጻፍበታል፤ ታርጋ ከተቀየረ ተለጣፊውም ይቀየራል። ያለ እሱ መግባት 100 ዩሮ ያስቀጣል፣ የእንግሊዝ መኪናንም ጨምሮ።

ቆሞ ያለ መኪና ቧጠጥኩ፤ ባለቤቱ የለም። ስልኬን ጽፌ ልሂድ?

እንግሊዝ ውስጥ አድራሻዎን በግልጽ ትተው፣ ለባለቤቱ መስጠት ካልቻሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያሳውቃሉ። ጀርመን ውስጥ ወረቀት መስታወት ላይ ትቶ መሄድ አይበቃም፤ ከአደጋ ቦታ መሸሽ ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል፣ ጭረቱ ትንሽ ቢሆንም። ነፋስ ወረቀቱን ቢወስደው ምንም ማስረጃ አይኖርዎትም። እዚያው ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቁ፣ ባለቤቱ ካልመጣ ወደ 110 ደውለው ፖሊስ ይጥሩ። ፖሊሱ መዝግቦ «መሄድ ይችላሉ» እስኪል ድረስ መኪናውን አያንቀሳቅሱ፤ የሁለቱን መኪኖች አቀማመጥ፣ ታርጋና ጭረቱን ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ ያንሱ፣ የፖሊሱን የመዝገብ ቁጥርም ይቀበሉ።